«ደንግጣ ነው ስኳር የያዛት»፦ ስለ ድንጋጤ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ አዳማም ንዝረቱ ተሰምቷል። ረከቦት ላይ ያለ ሲኒ በራሱ ሲንኳኳ፣ የጣሪያው አምፖል ሲወዛወዝ ክው ያላለ ሰው አልነበረም። በየቡናው ስለ ድንጋጤ ብዙ ይወራል። ከሚወራው አንዳንዱ ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱ ግን ሰው ይገድላል።

«ደንግጣ ነው ስኳር የያዛት»

ይሄን ሁላችንም ሰምተነዋል። እውነት የሚመስልበት ምክንያትም አለው። ስንደነግጥ ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። እነሱ ደግሞ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋሉ። ለመሮጥም ለመታገልም ጉልበት ያስፈልጋላ! ጤነኛ ሰው ላይ ግን በደም ያለውን ስኳር ዝቅ የሚያደርገው ኢንሱሊን የሚባል ሆርሞን ብዙም ሳይቆይ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

በሽታው ከዚህ ይለያል። በዓይነት 1 ስኳር የሰውነት መከላከያ ራሱ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሴሎች ያጠፋል። በዓይነት 2 ሰውነት ለኢንሱሊን እንደ ድሮው አይታዘዝም፤ ዘር፣ ውፍረት፣ እንቅስቃሴ ማነስና ዕድሜ እጃቸው አለበት። ሁለቱም በአንድ ቀን የሚመጡ አይደሉም።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰውዬው ይደነግጣል፣ ልቡ ድው ድው ይላል፣ ሐኪም ቤት ይወሰዳል፣ ደሙ ይመረመራል። ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት የቆየው ስኳር ያን ቀን ይገኛል። «የሶስት ወር ስኳር» የምንለው ምርመራ ነገሩን ይለየዋል። ያለፉትን ከ2 እስከ 3 ወራት አማካይ ስለሚያሳይ፣ በድንጋጤው ማግስት 6.5 በመቶ ወይም በላይ ከሆነ ስኳሩ ቀድሞም ነበር ማለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ «ድንጋጤው ሲለቀኝ ስኳሩም ይተወኛል» ብሎ መድኃኒት የሚያቋርጠው ሰው ነው። ዓይነት 1 ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ከተቋረጠበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ፀበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ ኢንሱሊኑን ግን ይዞ ይሂድ፣ እዚያም ይውሰድ። ስኳር እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከደነገጠ በዚያ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ቢለካ ጥሩ ነው፤ ድንጋጤ ከፍ ሊያደርግበት ይችላል።

«የሚደነግጥ ፈሪ ነው»

አይደለም። በር ጓ ሲል ትከሻችን የሚሰበሰበው፣ ዓይናችን የሚጨፈነው ገና ምን እንደሆነ ሳናስብ ነው። ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎል ግንድ ስለሆነ ጀግናም ወታደርም ይደነግጣል። ሕፃን ልጅን «ወንድ አይደነግጥም» ማለት የማይችለውን መጠየቅ ነው።

«መሬቱ ጸጥ ብሎም የሚንቀጠቀጥ ይመስለኛል፤ ልቀውስ ነው»

እብደት አይደለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? አንዴ የተሸበረ አንጎል ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ያንኑ አደጋ ይጠብቃል። ለብዙ ሰው በጊዜ ብዛት ይለቃል። ሳምንታት አልፈውም እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ ግን ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

«ለደነገጠ ሰው ውሃ ነው»

ነቅቶ ከሆነ ይጠጣ፣ ምንም አይልም። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ውሃ አይጨመርም፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አይጠቅምም። በጀርባው አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉለት፣ አየር እንዲያገኝ ዙሪያውን ክፈቱለት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልነቃ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

«ድንጋጤ ሰው አይገድልም»

አልፎ አልፎ ይገድላል። ከባድ ድንጋጤ ወይም መርዶ የልብን ጡንቻ ድንገት የሚያደክምበት ሕመም አለ። መጀመሪያ የገለጹት የጃፓን ሐኪሞች ሲሆኑ፣ በብዛት የሚታየው ዕድሜያቸው ገፋ ባሉ ሴቶች ላይ ነው። አብዛኞቹ ታክመው ይድናሉ። ስለዚህ እማማ ከደነገጡ በኋላ «ደረቴን ወጋኝ» ወይም «ትንፋሽ አጠረኝ» ካሉ፣ «ድንጋጤ ነው፣ ያልፋል» ብላችሁ አታስተኟቸው። ያኔውኑ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።