በግጥም ውስጥ «ሰም» ምንድን ነው?

ስለ ሰምና ወርቅ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ወርቁ ነው። ምስጢሩ ሲገኝ ይጨበጨባል፤ ሰሙን መለስ ብሎ የሚያየው ግን ጥቂት ነው። ግጥም መጻፍ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ መማር ያለበት ሰሙን ነው ብዬ አምናለሁ። ሰም ግጥሙ ፊት ለፊት የሚናገረው፣ አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ እንደሰማ የሚረዳው ግልጽ ትርጉም ነው። ወርቅ ደግሞ በዚያው ቃል ሥር ያለው ዋናው መልእክት ነው። ሁለቱን የሚሸከመው ባለ ሁለት ትርጉም ቃል ኅብረ ቃል ይባላል።

ስያሜው ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው። አንጥረኛው የሚሠራውን ጌጥ በመጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ጭቃው ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በለቀቀው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ስለዚህ ወርቁ የሚይዘው መልክ አስቀድሞ ሰሙ ላይ የነበረውን ነው። አንጥረኛው ሰሙን ሲቀርጽ ከቸኮለ ወርቁ ያንኑ ችኮላ ይዞ ይወጣል።

ለማስረጃ ያህል የገጠምኳት ይህች ናት፦

ቀፎህ ሞላ ሲሉኝ ቆሜ ከደጅህ ዳር፣
ሌላው እህል ሲልህ እኔ እልሃለሁ ማር።

ሰሙን እንመልከት። አንድ ሰው ንብ ያለው ጎረቤቱ ደጅ ቆሟል። ሌሎቹ እህል ይለምናሉ፤ እርሱ የሚለምነው ማር ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃም ምንም አይጎድለውም፤ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ የቆመ የቆሎ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ኅብረ ቃሉ «ማር» ነው። ማር የንቧ ሥራ ነው፤ «ማር!» ደግሞ «ይቅር በል!» ማለት ነው። ያን ጊዜ ደጁ የፈጣሪ ደጅ፣ የሞላውም ቀፎ ምሕረት ይሆናል፤ ሌላው እንጀራ ሲጠይቅ ተናጋሪው ምሕረት ይጠይቃል። በሁለቱ ስንኞች ውስጥ መዝገበ ቃላት የሚያስገልጥ አንድም ቃል የለም። «እህል» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። በሰሙ ላይ የማሩን ውድነት ታሳያለች፤ በወርቁ ላይ ደግሞ የዚህን ዓለም ፍላጎት ትወክላለች። ትንሽ ቃል ናት፤ ብትወጣ ግን ሁለቱም ትርጉሞች ይላላሉ።

አሁን ይኸንኑ ወርቅ ይዞ ሰሙን የዘነጋ ሰው እንዴት እንደሚገጥም እንይ፦

በልቤ ጨለማ በሐዘን ባሕር ዳር፣
ነፍሴ ትጮኻለች ጌታ ሆይ ስትል ማር።

ቤቱ መትቷል፤ ምቱም አልተሰበረም። ነገር ግን ቀፎ የለም፣ ንብ የለም፣ ደጅም የለም። የሚበላው ማር የሚቆምበት ቦታ ስላጣ «ማር» ኅብረ ቃል መሆኑ ቀርቷል፤ አንድ ትርጉም ብቻ ይሰጣል። «ጌታ ሆይ» የሚለውም ወርቁን አስቀድሞ ሜዳ ላይ አውጥቶታል። ደግሞስ የሐዘን ባሕር ዳሩ የት ነው? የጎጃም አንባቢ ባሕር ዳር ሲባል ጣናን ያያል፤ ደንገሉን፣ ታንኳውን ያያል። ገጣሚው ግን ከእነዚህ አንዱንም አላየም። ጨለማ፣ ሐዘን፣ ነፍስ የመሳሰሉት ቃላት በመጀመሪያ ግጥሞች ውስጥ የሚበዙት ከባድ ስለሚመስሉ ነው። የሚያሳዩት ነገር ግን እምብዛም ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ ቴዎድሮስ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ባለቅኔውንና ጸሐፌ ተውኔቱን ዮፍታሔ ንጉሤን ያፈራው ደብረ ኤልያስ፣ እነዚህ የቅኔ ትምህርት ቦታዎች ስማቸው በየጉባኤው ይጠራል። ቅኔው በግእዝ ነው፤ ሥልጠናው ግን አማርኛ ለሚገጥምም ሰው ይጠቅማል። ተማሪው የሚጀምረው ጉባኤ ቃና ከሚባለው አጭር የቅኔ ዓይነት ነው፤ ይኸውም 2 ስንኝ ብቻ ነው። 8 ስንኝ ያለው መወድስ የተባለው ረጅም ቅኔ ላይ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፤ ከዚያ ወደ የኔታ ቀርቦ ይነግራል፤ የኔታም ያርሙታል። ከትንሹ መጀመሩ ትልቅ ጥበብ አለበት። በሁለት ስንኝ ውስጥ ትርፍ ቃል መደበቂያ የለውም።

በአማርኛም እንዲሁ ነው። ከላይ ያሉት ግጥሞች «የወል ቤት» በሚባለው ምት የተገጠሙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ስንኝ በ6 እና በ6 ቀለም፣ ማለትም በሚቆጠር ድምፅ፣ ይከፈላል፤ እንደ «ማር» «ር» ያለ ድምፅ የሌለው ሳድስ ፊደልም አይቆጠርም። ጀማሪ አንድ ቀለም ሲጎድለው «እኮ»ን ወይም «እጅግ»ን ይጨምራል፤ ስፍራው ይሞላል፣ ስንኙ ግን ይደክማል። ቀለም ሲጎድል ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ቃል ገና አልተገኘም ማለት ነው።

ልክ የሆነ ቃል ማለት የግድ ብርቅ ቃል ማለት አይደለም። የማሩ ግጥም የመጀመሪያ ስንኝ «ቀፎህ ሞልቶ አይቼ» ቢል ኖሮ ምቱ ያው 6 ቀለም ነበር፤ ቤቱም አይበላሽም ነበር። ንብ የሚያረባ ሰው ግን ስሕተቱን ወዲያው ይይዘዋል። ባህላዊው ቀፎ በጭቃና በእበት የተለቀለቀ፣ ግጣሙ የተዘጋ ስለሆነ መሙላቱ ከደጅ ቆሞ አይታይም። «ሞላ ሲሉኝ» ሲሆን ግን ሰሙ እውነት ይሆናል፤ ወርቁም ይለወጣል። ተናጋሪው ምሕረቱን በዓይኑ አላየም፤ የሰማውን አምኖ ነው የመጣው። ይህን ትርጉም ያመጣው ለቀፎው የተደረገው ጥንቃቄ ነው። እንዲሁም ግጥሙ ውስጥ ወር ቢገባ፣ ማር በሐምሌ ተቆረጠ የሚለውን የጎጃም ገበሬ አያምንም፤ የአደዩ ማር የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው።

የገበሬው ቋንቋ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። «ዝናብ ዘነበ» ከማለት በፊት አካፍቶ ነው ወይስ ዶፍ ወርዶ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የማረሻው ዕቃ ሁሉ የየራሱ ስም አለው፦ ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ ወገል፣ እርፍ። ይህችን ተመልከቱ፦

አባቱ ሞተና ልጁ እርፍ ቢጨብጥ፣
በሬው ዞሮ አየው አልሄድ ብሎ አለ ቀጥ።

እዚህ ኅብረ ቃል የለም። «ሐዘን» የሚልም ቃል የለም። «እርፍ» በሚለው ፋንታ «እርሻ ቢጀምር» ቢባል ግን ግጥሙ ይሞታል፤ ምክንያቱም እርፍ የአባት እጅ የነበረበት፣ አሁን የልጅ እጅ የገባበት ቦታ ነው። በሬውም ያወቀው የእጁን መለወጥ ነው።

ታዲያ ወርቅ የሌለው ሰም ግጥም ይባላል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። በቅኔው ሥርዓት መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በአማርኛ ግጥም ግን እኔ አዎ እላለሁ። እንዲያውም ለጀማሪ የምመክረው ለጥቂት ወራት ወርቅን ረስቶ፣ ቤቱ ያለውን፣ መንደሩ የሚሠራውን በሁለት በሁለት ስንኝ እንዲገጥም፣ የገጠመውንም ሥራውን ለሚያውቀው ሰው እንዲያነብ ነው፤ የቀፎውን ለንብ አርቢ፣ የእርፉን ለገበሬ። «እንዲህ አይባልም» ያሉትን ቃል ያውጣው፤ እነርሱ በሚሉት ቃል ይተካው።