የበቀል ተውኔት ምንድን ነው?

ልጅህ ተገድሎብሃል። ገዳዩንም ታውቀዋለህ። ግን የቤተ መንግሥት ሰው ስለሆነ አቤት የምትልበት ደጅ የለም። ደሙን ትመልሳለህ ወይስ ለእግዚአብሔር ትተወዋለህ?

እ.ኤ.አ. በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ17ኛው መባቻ ለንደን ውስጥ ይህን ጥያቄ መድረክ ላይ ያወጣው የትራጄዲ ዓይነት የበቀል ተውኔት ይባላል። መናፍስቱንና ደም መፋሰሱን ከሮማዊው ጸሐፌ ተውኔት ሴኔካ ወርሷል። ፀጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው «ሐምሌት»ም ከዚሁ ወገን ነው።

እኔ ግን የቶማስ ኪድን «የስፔን ትራጄዲ» አስቀድማለሁ። ሄሮኒሞ የስፔን ንጉሥ ዳኛ ነው። ልጁን ሆራሺዮን በገዛ አትክልት ቦታው ተሰቅሎ ያገኘዋል። ገዳዮቹ የንጉሡ የወንድም ልጅ ሎሬንዞና የፖርቱጋሉ ልዑል ባልታዛር ናቸው። ለንጉሡ አቤት ሊል ሲሞክር ሎሬንዞ መሀል ይገባና ያስቀርበታል። ለሌላው የሚፈርድ ሰው ለራሱ ዳኛ አጣ።

ከዚያ መጽሐፍ ይዞ ብቅ ይላል። «በቀል የእኔ ነው» የሚለውን የእግዚአብሔር ቃል በላቲን ይጠቅሳል። ሊተወው ነው ስንል ከሴኔካ ሌላ ጥቅስ ይመዝና ለመበቀል ይቆርጣል። ወዲያው ባለጉዳዮች ይመጣሉ፤ ልጁ የተገደለበት ሽማግሌም አብሯቸው አለ። ሄሮኒሞ የሰዎቹን ወረቀት በጥርሱ ይቦጫጭቀዋል! ለእኔ የተውኔቱ ልብ እዚህ ጋ ነው። ፍትሕ የተነፈገው ዳኛ፣ እሱም በተራው ሌሎቹን ነፈጋቸው።

የግል በቀልን ቤተ ክርስቲያንም ሕጉም ይከለክሉ ነበር። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን እ.ኤ.አ. በ1625 «የዱር ፍትሕ ዓይነት» ብሎታል። ደራሲዎቹ ታዲያ መላ አላጡም። ተመልካቹ ለተበቃዩ ያዝናል፤ ተበቃዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አይወጣም። ደግሞም ንጹሕ ሆኖ አይቆይም። ሐምሌት አባቱን የገደለውን አጎቱን ሲጸልይ አግኝቶ ሰይፉን የሚመልሰው ራርቶ እንዳይመስላችሁ። አሁን ከገደልኩት ነፍሱ ትድናለች ብሎ ነው።

ሄሮኒሞ ቤተ መንግሥት ውስጥ ቴአትር ያዘጋጅና፣ በትወናው መሀል ሎሬንዞን የምሩን ይወጋዋል። ተናገር ሲሉት ምላሱን ነክሶ ይቆርጣል። ጻፍ ሲሉት የብዕር መቅረጫ ቢላ ይጠይቃል። በቢላው የሎሬንዞን አባት ገድሎ ራሱን ያጠፋል። አባትየው በግድያው እጁ የለበትም፤ እንዲያውም ሊያስታርቃቸው ደክሞ ነበር። ከዳር ሆኖ ሁሉን ሲያይ የነበረው፣ ቀድሞ በጦርነት ባልታዛር የገደለው የስፔናዊው አንድሬያ መንፈስ ግን እሱንም ከሟቾቹ ጋር ይቆጥረውና ነፍሴ ደስ አላት ይላል።