«ሃምሳ ሎሚ»፦ ሸክሙን ይዘን ጌጡን የጣልነው ተረት

ባለፈው ዓመት የዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የለመድነው አዳራሽ በሠርግ ስለተያዘብን የናይትስ ኦፍ ኮሎምበስን አዳራሽ ተከራየን። ስሙ «የኮሎምበስ ፈረሰኞች» እንደ ማለት ነው፤ የካቶሊክ ወንዶች ማኅበር ነው። ግድግዳው ላይ የአንድ ወጣት ቄስ ፎቶ ተሰቅሏል። ጥግ ላይ ባለው የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ደግሞ ሰይፍና ላባ ያለው ባርኔጣ ይታያል። ልጆቻችን ከዚያ መስታወት አልላቀቅ ብለው አስቸገሩን።

ሂሳቡ ሲነበብ ጎደሎ ሆነ። ዓመቱ ክፉ ነበር፤ ወደ አገር ቤት የሸኘነው አስከሬን በዛ። ሊቀ መንበራችን ጋሼ ተነሡ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሁለት ባለማደያዎች በእጃቸው እያመለከቱ «እንግዲህ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እግዜር የሰጣቸው ወንድሞቻችን ይሸከሙልን!» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ሁለቱ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ከፈሉ።

እኔ ግን እጄ አልጨበጨበም። ተረቱ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ተሰቅሎ ነበራ! ሃምሳውን ሎሚ ሁለት ሰው ላይ ጭኖ «ሃምሳ ሎሚ» ማለት ምን ይሉታል?

ጥሬ ትርጉሙን ማንም ስለሚያውቀው አልነግራችሁም። የማነሣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ጌጡ» የምትለዋን። ተረቱ «ለሃምሳ ሰው ቀላል» አላለም። «ለሃምሳ ሰው ጨዋታ»ም አላለም። ጌጥ ነው ያለው። ጌጥ ደግሞ ክብደት የቀነሰለት ሸክም አይደለም። ሰው ወዶ የሚያደርገው፣ ይታይልኝ የሚለው፣ አደባባይ ይዞት የሚወጣው ነው።

ደግሞ ሃምሳ ሎሚ ያን ያህል ይከብዳል እንዴ? አንድ ቀን እልህ ይዞኝ ሞከርኩት። የእኛን አገር ሎሚ የምትመስለውን ትንሿን አረንጓዴ ሎሚ ሃምሳ ቆጥሬ ገዛሁ። ወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ሦስት ኪሎ ትንሽ አለፍ አለ። ባለቤቴ «ሰውዬው አብዷል» በሚል ዓይን አየችኝ። ሦስት ኪሎ ሸክም ነው ብሎ የሚተርት ገበሬ የለም። ገብስና ጤፍ በጀርባው የሚያወርድ ሰው በሎሚ አያማርርም።

ታዲያ ሸክሙ ምኑ ላይ ነው? ይህን የሚያውቅ ሎሚ ያለ ዕቃ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ አውቀዋለሁ።

ልጅነቴ ዘጌ ነው፤ ከጣና ዳር። ዘጌ በሬ የማይጠመድበት አገር ነው። ሁሉ ነገር ጫካ ነው፤ ቡና፣ ጌሾ፣ ሎሚ። ሰዉ የሚኖረው ከዛፍ በሚለቅመው ነው። የለቀመውን በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር ወስዶ ይሸጣል፤ እህሉን ከዚያ ገዝቶ ይመለሳል። አያቴ ከቤቷ ጀርባ ሦስት የሎሚ ዛፎች ነበሯት። እሾሃቸው ክፉ ነው። ክንዴ ላይ ዛሬም ምልክታቸው አለ።

አንድ ጊዜ ሎሚ አውርድ ብላ ላከችኝ። ቅርጫት መውሰድ ረሳሁ። ለመመለስ ሰነፍኩና ጋቢዬን ዘርግቼ ሎሚውን ሁሉ እዚያ ውስጥ ጠቅልዬ ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ሎሚ ክብ ነው። ሎሚ አይረጋም። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጣል። ያመለጠውን ላነሣ ጎንበስ ስል ሦስት ይወርዳል። ቤት ስደርስ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ዝንጀሮ ይሁን እረኛ ያነሣው እንጃ። አያቴ አልተቆጣችም። «አንተ ብቻህን ስለያዝከው ነዋ» አለች። ያኔ አልገባኝም።

የገባኝ ከተራ ላይ ነው። ጥር 10 ታቦት ሊወጣ ሲል አያቴ ቅርጫቷን ይዛ በር ላይ ትቆማለች። ወደ ባሕሩ የሚወርደው ሰው በበሯ ያልፋል። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሎሚ ትሰጣለች። ለሽማግሌው አንድ፣ ለኮረዳዋ አንድ፣ ለእኔም አንድ። ሁለት ብትለምናት አትሰጥህም። ሰዉ ሎሚውን በጥፍሩ ጫር ያደርግና ያሸታል። የሕዝቡ ግፊያ፣ አቧራው፣ ላቡ፣ ሁሉም በሎሚ ሽታ ይቻላል። ሽቶ የሚባል ነገር መንደራችን አልደረሰም ነበር፤ ሎሚ ነበር ሽቶው። ጎረምሳው ደግሞ ሎሚውን ለሌላ ጉዳይ ነው የሚያስቀምጠው። ማንን ሊወረውርባት እንዳሰበ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እኔ ጋቢ ውስጥ ጠቅልዬ ያሰቃየኝ ሎሚ፣ በሃምሳ ሰው እጅ ላይ ሲታይ በዓል ሆነ። ጌጥ ማለት ይህ ነው።

አሁን የራሴን መላ ምት ልንገራችሁ፤ አትስቁብኝ። ይህ ተረት ገበያ ወይም እርሻ ላይ አልተወለደም እላለሁ። የተወለደው ክብረ በዓል ላይ ነው፤ ጥምቀት ላይ ወይም ማኅበር ቤት። ሰው ሁሉ እኩል አንድ ሎሚ ይዞ የሚታይበት ቦታ ሌላ የት አለ? «ሃምሳ» የምትለዋም ዝም ብላ የመጣች አትመስለኝም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለውን ጾም የሌለበትን ጊዜ በዓለ ሃምሳ ነው የምንለው። በእኛ ጆሮ ሃምሳ የደስታ ቁጥር ነው። አንድ ወዳጄ «ሃምሳ የገባችው ለአፍ ስለምትመች ብቻ ነው» ብሎ ተከራከረኝ። ምናልባት። እኔ ግን መላ ምቴን አልለቅም።

ወደ አዳራሹ ልመልሳችሁ። ስብሰባው ተበትኖ ወንበር ስንሰበስብ የአዳራሹ ጠባቂ ሽማግሌ መጡ። የማኅበሩ አባል ናቸው። የፎቶውን ቄስ ማንነት ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ስለ እኛ ስብሰባ ጠየቁኝ። «ሰው ሲሞት የምናዋጣበት ማኅበር ነው» ስላቸው ሳቁና «እኛም እኮ የጀመርነው እንደዚያ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንብቤ አረጋገጥኩ፤ እውነታቸውን ነው።

ቄሱ አባ ማይክል ማክጊቭኒ ይባላሉ። በ1852 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) ዋተርቤሪ በምትባል የኮኔቲከት ከተማ ከአይሪሽ ስደተኞች ተወለዱ። በ13 ዓመታቸው ትምህርት አቁመው ናስ ፋብሪካ ውስጥ ማንኪያ ይሠሩ ነበር። የክህነት ትምህርት ላይ ሳሉ አባታቸው ሞቱ። እናት ከነልጆቻቸው ቀሩ። ባል የሞተባት ሴት ቤት ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ አልተማሩትም ማለት ነው።

በ1877 ቀሰሱና ኒው ሄቨን ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተመደቡ። የፋብሪካ ሠራተኛው ስደተኛ በወጣትነቱ ይሞታል። አባወራው ሲሞት ቤተሰቡ ይበተናል፤ ልጆችን ፍርድ ቤት ይወስዳቸዋል። በ1882 አልፍሬድ ዳውንስ የሚባል አባቱ የሞተበት ልጅ ሞግዚት ሲፈለግለት፣ ፍርድ ቤት ፊት የቆሙለት እኚሁ ቄስ ነበሩ። መቆም ደግ ነው። ግን አንድ ቄስ ለስንቱ ይቆማል? ይኸው ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ጥቅምት ወር ላይ፣ ጥቂት ወንዶችን ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰብስበው ነበር። መጋቢት 1882 ማኅበሩ በኮኔቲከት ሕግ ታወቀ። ደንቡ እንዲህ ነበር፦ አንድ አባል ሲሞት ለሚስቱ 1,000 ዶላር ይሰጣታል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? እያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ዶላር ያወጣል። አባላቱ ከ1,000 ሲበልጡ የእያንዳንዱ ድርሻ ከዶላር ወደ ታች ይወርዳል። ሽማግሌም ጎረምሳም እኩል ነው የሚከፍለው። በኋላ ወጣቶቹ «እኛ ረጅም ዘመን ስለምንከፍል ተጎዳን» የሚሉበት ምክንያት ነበራቸውና ክፍያው በዕድሜ ተለየ። የመጀመሪያው ሐሳብ ግን የአያቴ ቅርጫት ነበር፤ ለሁሉም አንድ አንድ።

እኔን የገረመኝ ሎሚው ሳይሆን ጌጡ ነው። እነዚህ ሰዎች ዶላራቸውን አዋጥተው ወደ ቤታቸው መሄድ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ማዕረግ አወጡ፤ አንደኛው ምጽዋት ወይም በጎ አድራጎት፣ ሁለተኛው አንድነት፣ ሦስተኛው ወንድማማችነት። በ1900 አራተኛ ተጨመረ፤ የአገር ፍቅር። አዲስ የሚገባው ሰው መቁጠሪያ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው የበላይ አለቃቸው ጄምስ ሙለን ዓርማ ነደፉ፦ በመስቀል ላይ ጋሻ፤ በጋሻው ላይ መልሕቅ፣ አጭር ሰይፍና በአንድ የታሰረ የዘንግ ጥቅል ከነመጥረቢያው። ጥቅሉ የአንድነት ምልክት ነው። እኔ ሳየው ትዝ ያለኝ የመስቀል ችቦ ነው።

ሥርዓቱ ለአባል እንጂ ለውጭ ሰው አይታይም ነበር። በዚህ የተነሣ ብዙ ተወርቶባቸዋል፤ አስፈሪ የሐሰት መሐላ ጽፈው የበተኑባቸው ጠላቶችም ነበሩ። ከ2020 ጀምሮ ሦስቱ ማዕረጎች በአንድ ሥርዓት፣ ቤተሰብ ባለበት ይሰጣሉ። በዚያው ዓመት አባ ማክጊቭኒ ብፁዕ ተብለዋል። በሕይወት የቆዩት 38 ዓመት ብቻ ነው። ማኅበራቸው ዛሬ ከ2 ሚሊዮን በላይ አባል አለው፤ ያች የዶላር መዋጮም ትልቅ የሕይወት መድን ድርጅት ሆናለች።

የመስታወቱ ባርኔጣና ሰይፍ የአራተኛው ማዕረግ ነው። ካባ፣ ነጭ ጓንት፣ ላባው የሚወዛወዝ ባርኔጣ። የላባው ቀለም ሹመትን ይለያል። በ2017 አለቆቹ «ይህ ይቅር፤ ሰማያዊ ኮትና ቆብ ይሁን» ብለው ወሰኑ። አባላቱ ደግሞ አጉረመረሙ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደ። «ወንድማችን ሲሞት በዚያ ለብሰን ነበር ሬሳው አጠገብ የምንቆመው» አሉኝ። ስለ መድኑ ሲያወሩ እንደዚያ አልሆኑም ነበር።

እኛስ ቤት? ዘጌ ላይ የአያቴ ማኅበር የኪዳነ ምሕረት ነበር፤ በየወሩ በ16። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ዳቦው ይባረካል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ድሃም ከበር አይመለስም። ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ በእልልታ ቤቱ ድረስ ይሸኛል። ደግሶ ማብላት ወጪ ነው፤ ማገዶው፣ ጌሾው፣ ብቅሉ። አያቴ ግን ተራዋ ሲደርስ ሸክም መጣብኝ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ጽዋው ቤቷ ባደረበት ወር አረማመዷ ራሱ ይለወጥ ነበር።

አሁን ወደ ጋሼ ልመለስ። ሊቀ መንበራችንን እወዳቸዋለሁ፤ ግን ተሳስተዋል። ባለማደያዎቹ ሃምሳውን ሎሚ ሲሸከሙ እኛ ሌሎቻችን ባዶ እጃችንን አጨበጨብን። ጌጡ የሁለት ሰው ሆነ። ያውም አንገት የሚያስደፋ ጌጥ። አንድ የማያጣ ሰው አንዲት ሎሚውን እንኳ እንዳይዝ አደረግነው እኮ!

እሳቸው ብቻም አይደሉም። የቴሌግራም ቡድኖቻችንን ተመልከቱ። መዋጮ በተጠራ ቁጥር የሎሚ ሥዕል ተለጥፎ «ሃምሳ ሎሚ!» ይባላል፤ ሁለተኛው ግማሽ የት እንደገባ አይታወቅም። ከዚያ አራት ሰው ይከፍላል፣ ሌላው የተጣመረ እጅ ይልካል። የመሥሪያ ቤት አለቃም ሥራውን ሁሉ አንዷ ልጅ ላይ ቆልሎ «ሃምሳ ሎሚ ነው፣ እንተባበር» ይላል። ልጅቷ ታውቃለች ሎሚው ማን ጋቢ ውስጥ እንዳለ።

ለጋሼ ደወልኩላቸው። ነገሩን በትሕትና አስረዳሁ፤ ስለ ዘጌም፣ ስለ አንድ አንድ ዶላሩም። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡኝ። «እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ ትላለህ?» አሉ። ጎደሎው ለሁላችን እኩል ይካፈል፣ ለባለማደያዎቹም የከፈሉት ይመለስላቸው፣ እነሱም እንደኛው ድርሻቸውን ይክፈሉ አልኳቸው። ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ገንዘብ ተመልሶ ያውቃል?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሎሚ ማን እንደሚያመጣ ጠየቁኝ። ሃምሳ እንዳይሆን፤ አባላቱ 86 ነን።