ኦሞ ምንድን ነው?

አራት ኪሎ አንዱ ሱቅ ደጃፍ ቆም ብላችሁ አዳምጡ። «ኦሞ ስጠኝ» ይላል ገዢው። ባለሱቁ «የቱን ኦሞ?» ብሎ ይጠይቅና የተንጠለጠሉትን ትናንሽ ፓኬቶች አንድ በአንድ ይጠራለታል። ብዙዎቹ ላይ ኦሞ የሚል ጽሑፍ የለም፤ ግን ማንም ግር አይለውም። እኛ ዘንድ ኦሞ ማለት የዱቄት ሳሙና ነው፣ በቃ።

ሲጀመር ግን ኦሞ የአንድ ምርት ስም ነው። ከኦሞ ወንዝ ጋርም ዝምድና የለውም። እንግሊዝ አገር ሃድሰን የሚባል ሳሙና አምራች በ1908 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ስም ነው፤ ሃድሰንን ሌቨር ብራዘርስ ገዛው፣ ሌቨር ብራዘርስ ደግሞ በኋላ ከሆላንድ የማርጋሪን አምራቾች ጋር ተዋህዶ ዩኒሊቨር ሆነ። «ኦልድ ማዘር አውል» ከሚሉት ቃላት መነሻ ፊደላት ነው የተወሰደው፤ አሮጊቷ እናት ጉጉት እንደማለት። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለቱ ክቦች የጉጉት ዓይን፣ መሃል ያለው ፊደል አፍንጫዋ ይመስላሉ። እኛ አገር ጉጉት ስትጮህ የሚደነግጥ ብዙ ነው፤ እዚያ ግን የጥበብ ምልክት ናት።

አሁን የምናውቀው ዓይነት ኦሞ የመጣው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ይህኛው ሰው ሠራሽ ማጽጃ ነው፤ ከተራ ሳሙና ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ተራ ሳሙና ከስብና ከአልካሊ (እንደ አመድ ውሃ ካለ የሚፋጅ ነገር) ነው የሚሠራው፤ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ሲያገኘው አረፋው እምቢ ይላል፣ ሳፋው ላይም ግራጫ ዝቃጭ ይተዋል፣ ነጠላችሁን ብታለቀልቁት ብታለቀልቁት አይጠራም። ሰው ሠራሹ ማጽጃ በእንዲህ ዓይነት ውሃም ይሠራል። የእያንዳንዱ ቅንጣት አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ቅባት ይዞ ይወጣል። እናቶቻችን በእንዶድ ሲያጥቡም ነገሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የሚባል ነገር ነው አረፋ የሚያወጣው። እንዶድ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል።

ማስታወቂያው ድሮ ስለ ንጣትና ድምቀት ነበር። ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በዱቄት ሳሙና ውስጥ የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ወደ ሰማያዊ ብርሃን የሚቀይር ንጥረ ነገር ይገባል፣ ለዚያ ነው ነጭ ሸሚዝ ፀሐይ ላይ የሚያበራው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ መልእክቱ ተገለበጠ፦ «ቆሻሻ ጥሩ ነው» ማለት ጀመሩ። ልጅ ይጫወት፣ ጭቃ ይንካ፣ ልብሱ ይታጠባል። እኔ ይህኛውን እወደዋለሁ፤ ልጅን «ልብስህን አቆሸሽክ» ብሎ ከመምታት ስንት ጊዜ ይሻላል!

አንድ ስም እንዲህ ሲለመድ ለኩባንያው ደስታም ስጋትም ነው። ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ግን የተፎካካሪውም ዕቃ በእሱ ስም ይሸጣል። እኛ አዲስ አበቤዎች ደግሞ ስም መልመድ እናውቅበታለን። ፈሳሹን የዕቃ ማጠቢያ ምንም ይጻፍበት ምን ላርጎ እንለዋለን። በረኪናም ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ዛሬ ማን እንግዳ ይለዋል?

ዩኒሊቨር ዱከም ፋብሪካ ከፍቶ ኦሞን እዚሁ ያመርታል። እሱኑ ፈልጋችሁ ሱቅ ከሄዳችሁ ግን «ኦሞ» ብቻ ብትሉ ያው «የቱን?» ትባላላችሁ። «ራሱን ኦሞን» በሉት።