አዴኖሲን ምንድን ነው? ልብን ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ የሚያደርገው መድኃኒት

አንዲት እናት ድንገተኛ ክፍል ይመጣሉ። ቤታቸው ቁጭ ባሉበት ልባቸው ድንገት መሮጥ ጀምሯል። ሞኒተሩ በደቂቃ 190 ምት ይላል። ኢሲጂው (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳየው ወረቀት) ላይ ምቶቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ርቀታቸውም እኩል ነው። የደም ግፊታቸው ደህና ነው፣ ያዋሩናል። ብዙ ጊዜ ይህ ኤስቪቲ የምንለው የልብ ምት መዛባት ነው። የልብ የኤሌክትሪክ መልእክት እንደ ቀለበት በአንድ መንገድ መሽከርከር ይጀምርና መውጫ ያጣል።

መጀመሪያ መድኃኒት አንቀዳም። ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እንሰጣቸውና ለ15 ሰከንድ በኃይል እንዲነፉበት እናደርጋለን። ወዲያው በጀርባቸው አስተኝተን እግራቸውን ለ15 ሰከንድ ከፍ እናደርጋለን። በ2015 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት እንዳሳየው በዚህ መንገድ ከ100 ሰው 43ቱ ወደ መደበኛ ምታቸው ይመለሳሉ። እግር ሳይነሳ፣ ተቀምጠው ብቻ ሲነፉ ግን 17ቱ ናቸው። ምንም ወጪ የለውም፤ ለምን እንደሚዘለል አይገባኝም።

እምቢ ካለ አዴኖሲን ይመጣል።

አዴኖሲንን ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። ስንውል አንጎላችን ውስጥ እየተጠራቀመ እንቅልፍ እንቅልፍ ከሚያሰኙን ነገሮች አንዱ ነው። ቡና የሚያነቃን የእሱን ቦታ ቀድሞ ስለሚይዝበት ነው። ልብ ላይ ደግሞ ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው መልእክት የሚያልፍበትን በር ለአፍታ ይዘጋል። ቀለበቱ በዚያ በር የሚዞር ከሆነ ይበጠሳል።

ችግሩ ዕድሜው ማጠሩ ነው። ደም ውስጥ ከገባ ግማሹ ለመጥፋት 10 ሰከንድ አይሞላውም። በእጅ ጀርባ ላይ ባለች ቀጭን ደም ሥር ቀስ ብለን ከገፋነው ልብ ሳይደርስ ያልቃል። ከዚያ «መድኃኒቱ አልሠራም» እንላለን። ያልሠራነው እኛ ነን።

ስለዚህ ወፈር ያለ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀር የፕላስቲክ ቱቦ) የክርን መታጠፊያ ላይ ይገባል። አንዱ ሲሪንጅ 6 ሚሊ ግራም አዴኖሲን፣ ሌላው 20 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃ) ይይዛል። ሁለቱም አንድ ማገናኛ ላይ ይሰካሉ። መድኃኒቱ በአንድ ግፊት ይገባል፣ ሳላይኑ ሳይዘገይ ይከተለዋል፣ ክንዱም ከፍ ይላል። በ1 ወይም 2 ደቂቃ ውስጥ ካልመለሰ 12 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ልብ አጠገብ ባለ ትልቅ (ማዕከላዊ) ደም ሥር በኩል ከሆነ በ3 ሚሊ ግራም ይጀመራል። ካርባማዜፒን (የሚጥል በሽታ መድኃኒት) ወይም ዳይፒሪዳሞል (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) ለሚወስድም ሰው መጠኑ ይቀንሳል። ብልቃጡን ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፣ መድኃኒቱ ወደ ጠጣር ቅንጣት (ክሪስታል) ይለወጣል።

ከመግፋታችን በፊት ዲፊብሪሌተሩ (ለልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጠው መሣሪያ) አጠገባችን ይሁን፣ የኢሲጂው ወረቀትም መውጣት ይጀምር። ጥያቄዎችም አሉ። አስም አለብዎት? ዛሬ ቡና ጠጥተዋል? እኛ አገር ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። እስከ ሦስተኛው የጠጣ ሰው ላይ መድኃኒቱ ሊደክም ይችላል። አስም ላለበት ግን ትንፋሽ ሊያሳጥረው ስለሚችል ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። ኢሲጂው ላይ ምቶቹ ሰፋፊ ሆነው ርቀታቸው የተዘበራረቀ ከሆነ አዴኖሲንን አትንኩት፤ ወደ ገዳይ የምት መዛባት ሊገፋው ይችላል። ግፊቱ የወደቀ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ከምቱ ጋር የተቀናጀ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ለታካሚው መንገር ነው። እኔ እጃቸውን ይዤ እንዲህ እላለሁ፦ «እትዬ፣ አሁን መድኃኒቱን ስሰጥዎት ደረትዎን ጭንቅ ያደርግዎታል፣ ፊትዎ ይግላል፣ የሚሞቱ ሊመስልዎት ይችላል። ደቂቃ ሳይሞላ ይለቅቅዎታል። አጠገብዎ ነኝ።» ያልተነገረው ሰው ያንን ስሜት አይረሳውም። በሚቀጥለው ጊዜ ልቡ ሲሮጥ ሆስፒታል መምጣት ይፈራል። ቤተሰብ አጠገብ ካለም ንገሩት፤ ሞኒተሩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሲያይ ይጮሃል።

ያ መስመር ለተወሰኑ ሰከንዶች ይቆያል። ለሚያየው ግን ይረዝማል። ከዚያ አንድ ምት፣ ቆይቶ ሌላ፣ ከዚያ 80 አካባቢ ይረጋል። ወረቀቱን አትጣሉት፣ ፋይሉ ላይ ይያያዝ። ልባቸው ባይመለስ እንኳ በሩ በተዘጋባት አፍታ ከሥር የተደበቀው ምት፣ ለምሳሌ የላይኛው ክፍል መርገብገብ፣ እዚያ ላይ ይታያል።