የሲስተሞች አለመናበብ ምንድን ነው?

«ኢንተርኦፐረቢሊቲ» የሚባለውን ነገር በአማርኛ ለማስረዳት ከ«መናበብ» የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ሁለት ሰዎች አልተናበቡም ሲባል ሁለቱም ተናግረዋል፣ ሁለቱም ሰምተዋል፤ ግን አንዱ ያለው ለሌላው በሌላ መንገድ ገብቶታል። በዌብ ሰርቪሶች መካከል የሚፈጠረው ችግርም ይኸው ነው። መልእክቱ ይላካል፣ ይደርሳል። አነባበቡ ላይ ይለያያሉ።

ዌብ ሰርቪስ አንድ ሲስተም በኔትወርክ በኩል ለሌላ ሲስተም መልእክት ልኮ ሥራ የሚያሠራበት መንገድ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ዛሬም ከሚጠቀሙባቸው የመልእክት አጻጻፎች አንዱ ሶፕ ይባላል። ሶፕን እንደ ፖስታ አስቡት። በኤክስኤምኤል (መረጃን በስም ምልክቶች መካከል እያስቀመጡ በሚጽፉበት ዘዴ) ይጻፋል፣ ሄደር የሚባል የራስጌ ክፍል አለው፣ ዋናው ጉዳይ ደግሞ ቦዲው ውስጥ ይገባል። ላኪው በጃቫ ይሠራ፣ ተቀባዩ በዶትኔት (ሁለቱም ፕሮግራም የሚሠራባቸው መሣሪያዎች ናቸው)፣ ፖስታው አንድ እስከሆነ ድረስ ይግባባሉ ተብሎ ነው የተጀመረው።

ፖስታው ግን አንድ ሆኖ አልቆየም። ሶፕ 1.1 እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ። 1.2 ደግሞ በ2003 የዌብ ደረጃዎችን (ስታንዳርዶችን) በሚያወጣው ድርጅት፣ በደብሊው3ሲ፣ ጸደቀ። ልዩነታቸው ለዓይን ትንሽ ነው። የትኛው ሶፕ እንደሆነ የሚናገረው ኔምስፔስ ተቀየረ፣ መልእክቱን በዌብ በሚያጓጉዘው ኤችቲቲፒ ላይ የሚጻፈው የይዘት ዓይነትም እንዲሁ። ሶፕአክሽን የሚባለው ሄደር ለብቻው መቆሙ ቀረና በይዘት ዓይነቱ መስመር ውስጥ የሚጨመር ነገር ሆነ። 1.1 ብቻ የሚያውቅ ሰርቨር የ1.2 ፖስታ ሲደርሰው ውስጡን ሳያይ ይመልሰዋል። «ቨርዥን ሚስማች» (እትሙ አይገጥምም) ብሎ ከመለሰ ጥሩ ነው፤ ችግሩን በስሙ ነግሯችኋል። አንዳንዴ ግን 415 የሚል ቁጥር ብቻ (ትርጉሙ «ይህን የይዘት ዓይነት አልቀበልም» ነው) ይመጣና ዲቨሎፐሩ ግማሽ ቀን የራሱን ኮድ ሲበረብር ይውላል። ኮዱ ምንም አልሆነም።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ስህተት ብሎ የማይጮኸው ነው።

አንድ ጊዜ ሁለት ሲስተሞች ስናገናኝ የሰዎች የልደት ቀን በሙሉ አንድ ቀን ወደ ኋላ ሄደ። ሰኔ 10 የተወለደ ሰው እዚያ ማዶ ሰኔ 9 ተብሎ ይመዘገባል። ሲስተሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ሎግ ንጹሕ ነው፣ ሁሉም መልእክት ተሳክቷል ይላል። መጨረሻ ላይ ኮዱን ትተን በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን ጥሬ መልእክት አየን። የላኪው ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈውት ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) ማንም ሳያዘው ቀኑ ላይ እኩለ ሌሊትን ጨምሯል፤ ከጎኑም +02:00 የሚል የሰዓት ቀጠና ለጥፏል። ተቀባዩ ይህንን ወደ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ሲመልሰው ሁለት ሰዓት ይቀነሳል፣ ያለፈው ቀን 22:00 ይሆናል። ከዚያ ሰዓቱን ቆርጦ ይጥልና ቀኑን ብቻ ያስቀምጣል። በኤክስኤምኤል የሚጻፍ መረጃ ምን መምሰል እንዳለበት በሚወስነው በኤክስኤምኤል ስኪማ ሕግ የሰዓት ቀጠና መጻፍም ሆነ መተው ይፈቀዳል። ስለዚህ የላኪው ፖስታ ሕጋዊ ነው፤ ተቀባዩም ያነበበው ጊዜ ትክክል ነው። የተበላሸው መረጃው ነው።

«ምንም የለም» የሚለውን መግለጽም እንደዚሁ ያጣላል። ፊልዱን (መረጃው የሚሞላበትን ቦታ) ጭራሽ አለመጻፍ ይቻላል። ጽፎ ባዶ መተው ይቻላል። ጽፎ «ኒል» ነው ብሎ ምልክት ማድረግም ይቻላል። አንዱ ላይብረሪ ሦስቱን ለይቶ ያነባል፣ ሌላው ይደባልቃቸዋል። ቁጥር ከሆነ ደግሞ ያልተሞላውን ዜሮ የሚያደርግ አለ። ዋጋው ያልታወቀ ዕቃ ነጻ ዕቃ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ከሶፕ በላይ የተደራረቡት ደረጃዎች ነገሩን አባብሰውታል። መልእክት መንገድ ላይ እንዳይጠፋ ለማድረግ ብቻ ሁለት ተፎካካሪ ደረጃዎች ነበሩ። ደብሊውኤስ ሪላያቢሊቲ በ2004 ኦአሲስ በሚባል ደረጃ አውጪ ድርጅት ጸደቀ። ደብሊውኤስ ሪላያብል ሜሴጂንግ የሚባለው ደግሞ በ2007 እዚያው ኦአሲስ ውስጥ ጸደቀ። ስማቸው መንታ ይመስላል፤ እርስ በርስ ግን አይግባቡም። አንድ ምርት «አስተማማኝ መልእክት አለኝ» ሲላችሁ በየትኛው ደረጃ፣ በስንተኛው እትም ብላችሁ ጠይቁ።

ይህን ለማቃለል በ2002 ደብሊውኤስ አይ የሚባል የኩባንያዎች ኅብረት ተቋቋመ። ሥራው አዲስ ደረጃ መፍጠር አልነበረም። ያሉትን ደረጃዎች እያነበበ «ይቻላል» የተባለውን «ግድ ነው» ወይም «ክልክል ነው» ማለት ነበር። ቤዚክ ፕሮፋይል ብሎ ባወጣው ሰነድ፣ ለምሳሌ፣ ብዙ ራስ ምታት የፈጠረውን አርፒሲ ኢንኮድድ የሚባል አጻጻፍ ከለከለ። ለእኔ በዚህ መስክ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ጠቃሚው ይህ ማጥበብ ነው። ምርጫ በበዛ ቁጥር ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ነገር መምረጡ አይቀርም።

ኤክስኤምኤልን ትተን ጄሰን ወደሚባለው ሌላ የመረጃ አጻጻፍ ከሄድን ተገላገልን የሚሉ አሉ። ጄሰን ቀለል ይላል፣ እውነት ነው። ግን የራሱ የቀን ዓይነት የለውም፤ ቀኑ ጽሑፍ ሆኖ ነው የሚሄደው፣ አጻጻፉን መስማማት የናንተ ፈንታ ነው። ረጃጅም መለያ ቁጥሮችንም ሞክሩ። 9007199254740993 የሚለውን እንደ ቁጥር ላኩና ጃቫስክሪፕት የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተለመደው መንገድ ሲያነበው እዩ። ያን ያህል ትልቅ ቁጥር በትክክል መያዝ ስለማይችል መጨረሻው 992 ሆኖ ታገኙታላችሁ። የአንዱ ደንበኛ ሒሳብ ወደ ሌላው ሊሄድ የሚችለው እንዲህ ነው።

ሁለት ቡድን ሲስተም ሊያገናኝ ሲነሳ አንድ መስመር ኮድ ከመጻፉ በፊት የናሙና መልእክቶች ቢለዋወጥ ደስ ይለኛል። የተሞላ፣ ግማሹ ባዶ የሆነ፣ ቀን ያለበት፣ በጣም ትልቅ ቁጥር ያለበት። ከዚያ ሁለቱም ያነበቡትን ጽፈው ያስተያዩ። ችግር ሲመጣም በሁለቱም ጫፍ ጥሬውን መልእክት ይያዙ።

የልደት ቀኑን እኛ የፈታነው ፊልዱን ሰዓት የሌለው ቀን አድርገን፣ የሰዓት ቀጠና እንዳይለጠፍበት በጽሑፍ ተስማምተን ነው። ማስተካከያው ከአንድ ሰዓት አልፈጀም። ቀድመው የገቡትን መዝገቦች ግን ከዋናው ቅጽ ጋር እያመሳከርን አንድ በአንድ አረምናቸው።