ስለ ጀማሪ የቴአትር ባለሙያዎች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ችሎታ ያለው ሰው መድረክ አያጣም።»

ያጣል። ጀማሪ ጸሐፊ ድርሰቱን ለቴአትር ቤት ያስገባል፤ ገምጋሚዎች ያነቡታል፤ ካለፈ ደግሞ አዘጋጅ፣ ተዋንያን፣ የጥናት ቦታና የመድረክ ቀን ይፈልጋል። ዋናው ማነቆ ቀኑ ነው። በዋና ዋናዎቹ ቴአትር ቤቶች አንድ ቴአትር በሳምንት የራሱን ቀን ይዞ ይታያል፤ ተመልካች እስካለው ድረስ ከዓመት በላይም ሊቆይ ይችላል። አዲሱ ወረፋ ይጠብቃል። እኔና ጓደኞቼ ያስገባነው ድርሰት ከስምንት ወር በኋላ ሲመለስልን፣ ሽፋኑ ላይ ከተመታው ማኅተም በቀር አንዲት የእርሳስ ምልክት አልነበረበትም። መውደቁ አላስከፋንም። የትኛው ትዕይንት እንደላላ ቢነገረን ግን አርመን እንመለስ ነበር፤ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

«ቴአትር ቤት ድሮም ለታወቀ ሰው ነው።»

ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ በማኅበርነት ሲቋቋም፣ በሙያው የሠለጠነ ተዋናይ ከየት ይመጣ ነበር? ሰው የተማረው እዚያው መድረክ ላይ ነው። ጥላሁን ገሠሠን ገና ታዳጊ ሳለ የተቀበለው ይኸው ቤት ነው። በደርግ ዘመንም የቀበሌ ኪነት ቡድኖች ለብዙ ወጣቶች የመጀመሪያ መድረክ ሆነዋል። ዛሬ ጀማሪን መቀበል እንደ ውለታ ሲቆጠር የምከራከረው ለዚህ ነው።

«ዩኒቨርሲቲው ያስተምር የለም እንዴ?»

ያስተምራል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ክፍል ካለው አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል። ነገር ግን ተመራቂው መድረክ ሲያጣ ባህል ቢሮ ወይም ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይቀጠራል፤ እጁም ከሙያው ይርቃል።

«ተመልካች የለም።»

ቅዳሜና እሑድ ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ የሚሰለፈውን ሕዝብ ሄዶ ማየት ይበቃል። ፖስተሩ ላይ የሚያውቀው ስም ከሌለ ግን ተመልካች ገንዘቡን ለማውጣት ያመነታል። ቴአትር ቤቱ በወር አንድ ምሽት ለአዲስ ሥራ ቢመድብና ትኬቱን ቢያረክስ፣ ያ ስም ይታወቅ ነበር።

«የመለማመጃ አዳራሽማ ሞልቷል።»

አዳራሹ አለ፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ግን ለስብሰባ ነው። አንድ ምሽት የመጨረሻውን ገቢር ስናጠና ጥበቃው ቁልፉን ይዞ መጣ። «ልጆቼ፣ ጠዋት ስብሰባ አለ፤ ወንበር ልንደረድር ነው» አለን። ትሑት ሰው ነው፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ግቢው ውስጥ በስልክ መብራት ቀጠልን፤ እናቲቱን የምትጫወተው ልጅ ለቅሶዋን ቆማ ጨረሰች። በማግስቱ ስንመለስ በጠመኔ ያሰመርነው የመድረክ ወሰን ተጠርጓል።